ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪ

አያት የገዙት፣ አባት የነዱት፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጅ ቁልፉን የሚጠይቅበት ቮልስ በአዲስ አበባ ብዙ ግቢ ውስጥ አለ። ሸራ ለብሶ የቆመ አለ፤ ዛሬም ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያደርስ አለ። መደበኛው ቮልስ ጀርመን ውስጥ መመረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን የመጨረሻው ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣው በ2003 ነው። እኛ ዘንድ ያሉት ብዙዎቹ ግን የንጉሡ ዘመን መኪኖች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

የዚህ መኪና ሞተር ብዙም አያስቸግርም። ባለቤቱን የሚያማርረው ኤሌክትሪኩ ነው። ጠዋት አልነሣም ይላል፤ ፍሬቻ ሲበራ የፊት መብራቱ አብሮ ይጠቅሳል፤ ክላክሱ ደስ ሲለው ብቻ ይጮኻል። የተለመደው መፍትሔ የሰፈር ልጆችን ጠርቶ ማስገፋት፣ እሱ ሲሰለች ደግሞ አዲስ ባትሪ መግዛት ነው። ባትሪ ርካሽ ዕቃ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ከሁሉ በፊት የኋላውን ወንበር አንሡ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በስተቀኝ በኩል ነው። ልጆች የሚቀመጡበት ቦታ ማለት ነው። ወንበሩ በብረት ሞላ የተሠራ ሲሆን የቆዩት መኪኖች ሙሌት የኮኮናት ቃጫ ወይም የእንስሳ ፀጉር ነው። ፋብሪካው ባትሪውን በክዳን ሸፍኖ ነበር የሚያወጣው። ዛሬ ያ ክዳን በስንቱ መኪና ላይ ቀርቷል? ክዳኑ ጠፍቶ፣ ወይም ቁመቱ ከልክ ያለፈ ባትሪ ገብቶ ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ልጆች ሲቀመጡበት ሞላው ይወርድና የባትሪውን ራስ ይነካል። ሞላው የመኪናውን አካል ስለሚነካ ፖዘቲቩን ብቻ ቢያገኝ ይበቃል። ብረቱ ወዲያው ይግላል፤ ሙሌቱ መጀመሪያ ይጨሳል፣ ከዚያ ይያያዛል። በዚህ መሃል የሚቃጠልና አደጋውን የሚያቆም ፊውዝ የለም።

መከላከያው ቀላል ነው። ቁመቱ ልክ የሆነ ባትሪ፣ እንዳይንቀሳቀስ በደንብ የታሰረ፣ ራሶቹም የተሸፈኑ ይሁን። ክዳን ካልተገኘ ወፍራም ላስቲክ አስቆርጦ ማልበስ ይቻላል። ወንበሩ ከተነሣ አይቀር ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉንም እዩት። ከባትሪ የሚንጠባጠብ አሲድ ቆርቆሮውን ይበላዋል፤ አስፋልቱ ቁልጭ ብሎ የሚታይባቸው ቮልሶች አሉ። ልጆች ከኋላ ተቀምጠው የመቃጠል ሽታ ከመጣ «ከውጭ ነው» ብሎ መንዳት አይገባም። ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ልጆቹን አውርዱ፣ ወንበሩ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። ነበልባል ከታየ ደግሞ ወንበሩን አትንኩት፤ ራቁ። (የቮልስ መልከ መልካም ወንድም የሆነው፣ የስፖርት መኪና ቅርጽ ያለው ካርማን ጊያ ያላችሁ ጥቂት ዕድለኞች ባትሪያችሁ ከሞተሩ ጎን ስለሆነ ይህ ስጋት የለባችሁም። የቀረው ግን ይመለከታችኋል።)

አሁን ወደ «አልነሣም» እንምጣ። ኤሌክትሪክ ከባትሪ በሽቦ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ግን በመኪናው ብረት ነው። ጋራዦች ማሳ የሚሉት ይህንን መመለሻ ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ የተቀመጡት በጎማ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ካምቢዮውን ከአካሉ ጋር የሚያገናኝ አንድ ጠፍጣፋ የተጠለፈ ሽቦ ተደርጎለታል። ያለበት ቦታ ከመኪናው ሥር ነው፤ ሃምሳ ክረምት ጭቃ ሲመታው ማንም አያየውም። እሱ ሲዝግ ሞተሪኖው ጉልበት ያጣል። ኤሌክትሪኩም ሌላ መመለሻ ፍለጋ በፍሪሲዮን ገመድ ወይም በቤንዚን መርገጫው ገመድ ያልፋል። ገመዱ ያለ ምክንያት ቢግል ወይም ቢበጠስ መጠርጠር ያለበት ይኸው ማሳ ነው።

ለማወቅ ቮልት መለኪያና አንድ ረዳት ይበቃሉ። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ያረፈ ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ከዚያ የመለኪያውን አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርጋችሁ ረዳታችሁ ቁልፉን ያዙር። ቁጥሩ ከግማሽ ቮልት በታች ከሆነ መመለሻው ደህና ነው። አንድ ወይም ሁለት ቮልት ካሳየ ባትሪ መግዛታችሁን ተዉት፤ ያንን ጠፍጣፋ ሽቦ አስፈትታችሁ መገጣጠሚያውን ብረቱ እስኪያበራ አስፍቁ፣ ካረጀም አስቀይሩ። መለኪያ ከሌለ የፊት መብራት አብርቶ ቁልፍ ማዞርም ብዙ ይናገራል። መብራቱ ድርግም ካለ ባትሪው ደክሟል ወይም መገጣጠሚያው ልል ነው። መብራቱ ሳይደክም ሞተሪኖው ዝም ካለ ከቁልፉ የሚመጣው ትእዛዝ አልደረሰም።

ይህ ሁለተኛው በተለይ መኪናው ሲሞቅ ይመጣል። ከአዳማ መልስ ሻይ ለመጠጣት ይቆማል፤ ሲመለሱ ሞተሪኖው ዝም። ግማሽ ሰዓት ሲቀዘቅዝ ይነሣል። ሞተሪኖው ከኋላ፣ ቁልፉ ከፊት ነው። በመሃል ያለው ሽቦ ረጅም፣ መገጣጠሚያዎቹም ያረጁ ስለሆኑ የሞቀውን ሞተሪኖ የሚቀሰቅስ ኃይል ሳይደርስ ይቀራል። ሞተሪኖ ከመቀየር በፊት ከአጠገቡ አንድ ሪሌ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ቀዩ መብራት እየነዳችሁ ቢበራ ግን ነገሩ የባትሪ ብቻ አይደለም። በቮልስ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋንም ያዞራል፤ ፋኑ የታሰረው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ቺንጋው ተበጥሶ እንጦጦን ለመጨረስ የሞከረ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። ወዲያው ቁሙ። ቺንጋው ደህና ከሆነ፣ ቀንም ከሆነ፣ በባትሪው ብቻ ቤት መድረስ ይቻላል። ትርፍ ቺንጋና 21 ቁልፍ መኪናው ውስጥ ይኑሩ። ዲናሞ በዝግታ ሲዞር እምብዛም ኃይል እንደማይሰጥም አትርሱ። በክረምት ምሽት መብራትና ዝናብ መጥረጊያ አብርቶ ትራፊክ ላይ የቆመ ቮልስ ከባትሪው እየበላ ነው።

ፊውዞቹ የጥይት ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ሳይቃጠሉ እንኳ ጫፋቸው ሲዝግ መብራት ያጠፋሉ፤ በጣት ሽክርክር ማድረግ ወይም በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ይበቃል። የተቃጠለን ፊውዝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት መጠቅለል ጋራዥ ውስጥም አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ፊውዝ ሆኖ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

ባትሪ ስትፈቱ መጀመሪያ ነጌቲቩን፣ ስታስሩ ነጌቲቩን መጨረሻ። ከጎረቤት መኪና ኃይል ከመበደራችሁ በፊት ደግሞ የቮልሱን ዕድሜ እወቁ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ የጎረቤት 12 ቮልት አምፖሎቹን ያቃጥላል። በባትሪው ላይ ያሉትን የውኃ መሙያ ክዳኖች ልጆች ይቁጠሩላችሁ። ሦስት ከሆኑ ባለ 6 ነው፤ ስድስት ከሆኑ ባለ 12።