ጊዜ በሁሉም ቦታ እኩል ይሄዳል ወይ?

እኛ ጠዋት 1 ሰዓት የምንለውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር 7 ሰዓት ይሉታል። ዓመተ ምሕረታችንም ከነርሱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። ይህ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ የጊዜ ልዩነት አይደለም። ታዲያ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ጊዜ ራሱስ ይለያያል ወይ?» ቢለን ምን እንመልሳለን?

መልሱ አዎን ነው። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ይህን አስረድቷል። ነገሩን በቅርባችን እንየው። ከላንቴ ወደ አርባ ምንጭ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ያለ ሰው ኳስ ወደ ላይ ወርውሮ ቀለበ እንበል። ለርሱ ኳሷ ቀጥ ብላ ወጥታ ወረደች። ከሙዙ ማሳ ዳር ቆሞ ለሚያይ ግን በሰያፍ ሄዳ ረዘም ያለ መንገድ ተጓዘች። ኳሷ የአውቶቡሱን ፍጥነት ስለምትጨምር ትካካሳለች። በኳሷ ፋንታ ከወለል ወደ ጣሪያ ደርሶ የሚመለስ ብርሃን ቢሆንስ? የብርሃን ፍጥነት ለሁለቱም ያው ነው፤ በሴኮንድ 300,000 ኪ.ሜ. ያህል። ረጅሙን መንገድ በዚያው ፍጥነት ሲሄድ የግድ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ቆሞ ለሚያይ፣ የተጓዡ ሰዓት ዝግ ይላል።

ስበትም ሰዓትን ያዘገያል። ጨንቻ ከላንቴ ወደ 1,500 ሜትር ከፍ ስለምትል እዚያ ያለ ሰዓት በዓመት ይቀድማል፤ ሴኮንድ ለሚሊዮን ብትከፈል 5 እጅ ያህል!

ወደ ጠፈር ስንወጣ ፍጥነት ሰዓትን ያዘገያል፣ ከፍታ ደግሞ ያፈጥነዋል። በ20,200 ኪ.ሜ. ላይ ባሉት የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ከፍታው ያሸንፋል፤ ሰዓታቸው በቀን የሴኮንድ 38 ሚሊዮንኛ ያህል ይቀድማል። በዚህች ቅጽበት ብርሃን 11 ኪ.ሜ. ስለሚጓዝ፣ ካልታረመ የርቀት ስሌቱ በአንድ ቀን በዚያው ልክ ይሳሳታል። በ400 ኪ.ሜ. ገደማ በሚዞረው የጠፈር ጣቢያ ግን ፍጥነቱ ያሸንፋል፤ ስድስት ወር የቆየ ጠፈርተኛ ሴኮንድ ለሺህ ብትከፈል 5 እጅ ያህል ከኛ ወደ ኋላ ይቀራል።

ከፀሐይ ቀጥላ ለኛ ቅርብ ወደሆነችው ኮከብ፣ ወደ ፕሮክሲማ፣ በብርሃን ፍጥነት 90 በመቶ የሚሄድ መንኮራኩር ቢኖር፣ በምድር 4 ዓመት ከ8 ወር ሲያልፍ ለተጓዡ 2 ዓመት ያህል ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለ መንኮራኩር እስካሁን አልተሠራም።

ለተማሪው «ሰዓቱ ተበላሽቶ ነው» አንበለው። የተጓዡ ልብ ምት፣ እስትንፋሱ፣ እርጅናውም አብረው ስለሚዘገዩ እርሱ ምንም አይሰማውም። ልዩነቱ የሚታወቀው ተመልሶ ከኛ ሰዓት ጋር ሲያስተያይ ነው። ይህን በአውቶቡሱ ምሳሌ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለን ማስረዳት እንችላለን፤ ጠመኔ እንጂ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም።