ትልቁ መስመር ሱስዋ ደርሷል፤ ካምፑስ? የንጹሕ ኃይል ፖሊሲዎች ለስደተኛው ምን ማለት ናቸው?

በካኩማ፣ በካሎቤዬይና በዳዳብ ስለ መብራት ወሬ ሲነሣ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ኬንያ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ትገዛለች፤ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ በነፋስ መብራት ታመነጫለች። ታዲያ እኛ ለምን እስከ ዛሬ በጄኔሬተርና በማገዶ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ፖሊሲው ከላይ እስከ ታች የሚወርድበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል፦ ከቀጠናው ወደ አገር፣ ከአገር ወደ ካውንቲ፣ ከካውንቲ ወደ እኛ ምድጃና አምፖል። የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆም ካወቅን ማንን ምን ብለን እንደምንጠይቅም እናውቃለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቁ መስመር ለምን አይቆምልንም?

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ ላይ የሚያርፈው መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። 500 ኪሎ ቮልት ሲሆን እስከ 2,000 ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም አለው። ኬንያ በዚህ መስመር ኃይል መቀበል የጀመረችው በኖቬምበር 2022 ነው። ውሉ ለ25 ዓመት ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት እንዲሆን የተስማሙበት ነው።

መስመሩ ካኩማን አይነካም፤ ብዙ ርቆ በስተምሥራቅ በማርሳቢት በኩል ነው የሚያልፈው። በካምፑ አናት ላይ ቢያልፍም ግን እንዲሁ ቀጥሎ ማውረድ አይቻልም። ምክንያቱም የሚሸከመው ዲሲ የሚባለውን ቀጥተኛ ከረንት ነው። እሱን ቤት ውስጥ ወደምንጠቀምበት ኤሲ የሚቀይረው ጣቢያ እጅግ ውድ በመሆኑ የተሠራው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ነው። እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ አስቡት፤ መሐል ላይ «ወራጅ አለ!» ቢባል አይቆምም።

የነፋስ ኃይሉም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በማርሳቢት ካውንቲ ሎያንጋላኒ አካባቢ የተተከሉት 365 የነፋስ ማማዎች 310 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከ2018 ጀምሮ ኃይሉ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይገባል። የት? እዚያው ሱስዋ።

ይህ ሁሉ የቀጠናው ትልቅ ዕቅድ አካል ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነውና በ2005 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት የአገሮቹን መስመሮች አገናኝቶ የተረፈው ላጣው እንዲሸጥ ይሠራል። ዕቅዱ ከንቱ አይደለም። ዛሬ በኬንያ ዋና መስመር ላይ ካለው ኤሌክትሪክ ከመቶ 90 ያህሉ ከእንፋሎት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ነው። ስለዚህ የኬንያ ችግር ኃይሉን ንጹሕ ማድረግ አይደለም፤ ችግሩ ማድረስ ነው። ዋናው መስመር ከማይደርስባቸው ቦታዎች ውስጥ ደግሞ ካምፖች ከፊት ይሰለፋሉ። በዓለም ደረጃ ካምፕ ውስጥ ከሚኖሩ ስደተኞች ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት በቂ ኤሌክትሪክ የላቸውም።

የአገሩ ሕግ እኛን ይቆጥራል?

እዚህ ላይ ነገሩ ይቀየራል። የኬንያ የ2019 የኢነርጂ ሕግ እያንዳንዱ ካውንቲ የራሱን የኃይል ዕቅድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። የካውንቲዎቹ ዕቅዶች ተሰብስበው የአገሪቱ አጠቃላይ ዕቅድ ይሆናሉ። በአጭሩ፣ ቱርካና ወይም ጋሪሳ ዕቅድ ሲያወጣ የካምፑን ሕዝብ ካልቆጠረ ናይሮቢ የሚደርሰው ወረቀት ላይም አንቆጠርም።

የ2021 የስደተኞች ሕግ ደግሞ የስደተኞች ጉዳይ በልማትና በአካባቢ ጥበቃ ዕቅዶች ውስጥ እንዲታሰብ ይላል። በማርች 2025 ይፋ የሆነው የሺሪካ ዕቅድ ከዚህ አልፎ ካምፖቹ ቀስ በቀስ ስደተኛውና የአካባቢው ነዋሪ አብረው የሚኖሩባቸው ከተሞች እንዲሆኑ ያስባል። ከተማ ማለት ውኃ፣ መንገድና መብራት ያለው ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ሺሪካ በተነሣ ቁጥር «መብራቱስ በማን በኩል ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ጎረቤት ኡጋንዳ በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ቀድማለች። የኢነርጂ ሚኒስቴሯ ለስደተኞችና ለተቀባዩ ማኅበረሰብ ብቻ የተዘጋጀ የኃይል ዕቅድ አውጥቷል። ዕቅድ ማውጣት መብራት ማብራት አይደለም፤ ግን ቢያንስ የምትጠይቀው መሥሪያ ቤት ይታወቃል።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዶሎ አዶ ያሉ የሶማሊያ ስደተኞችም ሌላ መንገድ ያሳዩናል። እዚያ ስደተኞችና የአካባቢው ነዋሪዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ከፀሐይ የሚያገኙትን ኤሌክትሪክ ይሸጣሉ። መብራቱን የሚሸጠውም የሚገዛውም እዚያው የሚኖር ሰው ስለሆነ መስመሩ ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው ቅርብ ነው።

ሚኒ ግሪድ፦ ቅርቡ መፍትሔ፣ ውዱ ዋጋ

ዋናው መስመር በማይደርስበት ቦታ የኬንያ ፖሊሲ ሁለት አማራጭ ይሰጣል። አንዱ በየቤቱ የሚሰቀል ሶላር ነው። ሌላው ሚኒ ግሪድ ነው፤ አንድ ቦታ ብዙ ሶላርና ባትሪ ተተክሎ ለሰፈሩ በሽቦ ይከፋፈላል። የዓለም ባንክ 150 ሚሊዮን ዶላር ያበደረለት ኮሳፕ የተባለው የመንግሥት ፕሮጀክት ቱርካናንና ጋሪሳን ጨምሮ በ14 ካውንቲዎች እነዚህን ለማስፋፋት የተቀረጸ ነው። በካሎቤዬይ ደግሞ በግል ኩባንያ የሚንቀሳቀስ ሚኒ ግሪድ ከ2019 ወዲህ መብራት ይሸጣል።

ብዙዎች የሚያማርሩት ዋጋውን ነው። ናይሮቢ ያለ ሰው ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከሚከፍለው የሚኒ ግሪድ ደንበኛ የሚከፍለው ይበልጣል። ለምን? የዋናው መስመር ወጪ ለሚሊዮኖች ይከፋፈላል፤ የሚኒ ግሪዱን ባትሪና ሽቦ ግን ጥቂት መቶ ቤቶች ብቻ ይሸከማሉ። ያም ሆኖ ኩባንያው እንደፈለገው ዋጋ መቁረጥ አይችልም። ታሪፉን የሚያጸድቀው የኢነርጂና የነዳጅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው፤ በአጭሩ ኤፕራ ይባላል። ቅሬታ የሚቀበለውም እሱ ነው። በአምፖልና በሶኬት ቆጥሮ በወር የሚያስከፍለው የሰፈር ጄኔሬተር ግን ይህ ሁሉ የለበትም። ባለጄኔሬተሩ «ናፍጣ ተወደደ» ካለ ተወደደ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ቫት አንዴ ሲወጣ፣ አንዴ ሲነሣ

ፖሊሲ ኪሳችን ድረስ መግባቱን ለማየት ቀረጥን መመልከት ይበቃል። ኬንያ በ2020 ሶላር ዕቃዎች ላይ የነበረውን የቫት ነፃነት አነሣች፤ ዕቃው ተወደደ። በ2021 መልሳ ነፃ አደረገችው። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ላይ በሐምሌ 2021 16 በመቶ ቫት ተጣለ፤ በ2022 ወደ 8 በመቶ ወረደ፤ በ2023 ሙሉ በሙሉ ተነሣ። የጋዝ ሲሊንደር የገዛ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ይህ የሚያሳየን ነገር አለ። «ንጹሕ ኃይል እንደግፋለን» የሚለው ቃል ሳይቀየር የበጀቱ ሕግ ብቻ ተቀይሮ ዋጋው ሊወጣ ይችላል። የኬንያ የፋይናንስ ሕግ በየዓመቱ በሰኔ አካባቢ ስለሚወጣ ሶላር ወይም ሲሊንደር ለመግዛት ገንዘብ የምታጠራቅሙ ሰዎች ያን ሰሞን ዜናውን ተከታተሉ።

ዋናው ጉዳይ ምድጃው ነው

ፖለቲከኞች ስለ መብራት ማውራት ይወዳሉ፤ በካምፕ ቤት ውስጥ ግን ትልቁ ኃይል የሚጠፋው አምፖል ላይ ሳይሆን እሳት ላይ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በየቀኑ ያበስላል። በእርዳታ የሚሰጠው ማገዶ ወሩን አይደርስም። ራሽኑ ሲቀንስ ደግሞ ከእሱ ላይ ተቀንሶ ይሸጥና ከሰል ይገዛበታል። ጫካ መውጣት ከተቀባዩ ሕዝብ ጋር ያጋጫል፤ እናቶቻችንና እኅቶቻችን የሚጠቁበትም መንገድ እሱ ነው። ከጭሱ የሚመጣው የሳንባ በሽታ ሲጨመርበት ምድጃ የጤናም የሰላምም ጉዳይ ይሆናል።

ኬንያ እስከ 2028 ሁሉም ሰው በንጹሕ መንገድ እንዲያበስል የሚል ግብ አስቀምጣለች። ጋዝ፣ ኤሌክትሪክ፣ ኤታኖልና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በዕቅዱ ውስጥ አሉ። በካምፕ ኑሮ ግን ሁሉም እኩል አይገኙም። ቶሎ የሚደርሰው ቆጣቢ ምድጃ ነው፤ ይሄ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አገር ቤት «ላቀች» የምንለው የከሰል ምድጃ መነሻው ውስጡ ሸክላ፣ ውጪው ቆርቆሮ የሆነው የኬንያው ጂኮ ነው። ለእንጀራ የተሠራው «ምርጥ» ምድጃም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርዳል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በካምፑ ካለ ሙያው ገንዘብ ነው።

ማገዶውን በተመለከተ፣ በቱርካናም በዳዳብም የተስፋፋው ማቴንጌ (ፕሮሶፒስ) የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ወራሪ ስለሆነ እሱን መቁረጥ አገር በቀሉን ዛፍ ከመጨፍጨፍ የተሻለ ነው። ከተቀባዩ ሕዝብ ጋር መስማማት የሚቀለውም በእሱ ላይ ነው።

ቁጠባ ማለት ጨለማ መቀመጥ አይደለም

ፖሊሲዎቹ «የኃይል ቁጠባ» ሲሉ ትንሽ ተጠቀሙ ማለታቸው አይደለም፤ በትንሽ ኃይል ያንኑ ሥራ ሥሩ ማለት ነው። ሒሳቡን እንየው።

አሮጌው 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። 9 ዋት የሆነው ኤልኢዲ ተመሳሳይ ብርሃን እየሰጠ በወር 1.35 ብቻ ይወስዳል። በሚኒ ግሪድ ዋጋ ለሚከፍል ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። ሁለት ሰዓት እንጀራ ብትጋግሩ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ሄደ፤ ኤልኢዱን ከአምስት ወር በላይ ሊያበራ የሚችል ኃይል ነው። ሚኒ ግሪዶች ምጣድ የሚከለክሉት ወይም አስቀድማችሁ እንድታስፈቅዱ የሚጠይቁት ለዚህ ነው፤ ጥቂት ምጣዶች አንድ ላይ ሲሰኩ የሰፈሩን መብራት ሊያጠፉት ይችላሉ። እንጀራ ለሽያጭ የምትጋግሩ እኅቶች ምጣድ ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩ ይችል እንደሆነ ጠይቁ፤ የሚቻል ከሆነም ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ጋግሩ።

ፍሪጅ ለሱቅ የምትገዙ ከሆነ በሩ ላይ የተለጠፈውን የኮከብ ምልክት ተመልከቱ። በኬንያ ደንብ ኮከቡ በበዛ ቁጥር ዕቃው ኃይል ይቆጥባል። ርካሽ ያገለገለ ፍሪጅ በግዢው ያተረፋችሁትን በመብራት ሒሳብ ያስመልሳል። ሶላር ስትገዙም ዋስትና የተጻፈበት ወረቀት ይኑራችሁ፤ ዋስትና የማይሰጥ ሻጭ ዕቃውን ራሱም አላመነውም።

ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ የማያስከፍል ቁጠባ አለ። ባቄላውንና ቦሎቄውን ማታ መዘፍዘፍ፣ ድስት መክደን፣ እንጨቱን አድርቆና ሰንጥቆ ማንደድ፣ ምግቡ ሲደርስ የተረፈውን እሳት ማጥፋት። እናቶቻችን ያለ ምንም ፖሊሲ ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

በ2019 ጄኔቫ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ፎረም መንግሥታትና ድርጅቶች እስከ 2030 ስደተኞችና ጎረቤቶቻቸው ሁሉ አስተማማኝ፣ አቅምን ያገናዘበ ኃይል እንዲያገኙ ግብ አስቀምጠዋል። በጃንዋሪ 2025 ዳሬሰላም ላይ የአፍሪካ መሪዎች እስከዚያው ዓመት ለ300 ሚሊዮን ሰዎች መብራት ለማድረስ ተስማሙ፤ ኢትዮጵያና ኬንያም የየራሳቸውን ቃል ኪዳን በሴፕቴምበር 2025 አቅርበዋል። 2030 ሩቅ አይደለም።

የኬንያ ሕገ መንግሥት ሕዝብ በዕቅድ ላይ እንዲሳተፍ ያዛል። ካውንቲው፣ የሺሪካ ዕቅድ አስፈጻሚዎች ወይም ድርጅቶች ስብሰባ ሲጠሩ የብሎክ መሪዎቻችን እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው፦

አንደኛ፣ የካውንቲው የኃይል ዕቅድ የካምፑን ነዋሪ ቆጥሯል ወይ? ስንት ቤት ብሎ?

ሁለተኛ፣ የሚኒ ግሪዱ ታሪፍ በኤፕራ የጸደቀው ስንት ነው? ቅሬታ በየት በኩል ይቀርባል?

ሦስተኛ፣ የምድጃው በጀት ከመብራቱ በጀት ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው? በእሳቱ ዙሪያ ስለሚውሉ ስለ እነሱ በሚወሰነው ላይ ሴቶች ተጠይቀዋል ወይ?

አራተኛ፣ ሶላሩን የሚጠግነው ማን ነው? የካምፑ ወጣቶች ሙያውን ይማራሉ ወይስ ቴክኒሻን ሁልጊዜ ከናይሮቢ ይጠበቃል?

እነዚህን ጥያቄዎች በየብሎካችሁ ተወያዩባቸው፤ በስብሰባ ላይ የሚሰጠውን መልስም ከነቀኑ ጽፋችሁ ያዙ። በሚቀጥለው ስብሰባ «ባለፈው እንዲህ ብላችሁ ነበር» ማለት የሚቻለው በጽሑፍ የያዘ ሰው ሲኖር ነው።