የጅሬን ቤተ መንግሥት አምሳያ ቀለም አቀባብ

በጅማ ከተማ አቅራቢያ በጅሬን ኮረብታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይገኛል። ይህን በእንጨት የተሠራ ባለበረንዳ ሕንፃ በ1 ለ100 መጠን አሳንሶ፣ አምሳያውን ወይም ሞዴሉን ለትርኢት ማቅረብ ቢፈለግ፣ 4 ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ሆኖም መጠን ሲያንስ ጥላም አብሮ ያንሳል። በእውነተኛው በረንዳ ሥር ጠቁሮ የሚታየው ጥላ በአምሳያው ላይ እምብዛም ለዓይን አይጎላም። ስለዚህ አምሳያው በአንድ ወጥ ቀለም ብቻ ከተቀባ የሕፃናት መጫወቻ ይመስላል። ብርሃኑንና ጥላውን መሥራት የቀቢው ተግባር ነው።

ሥራው በሦስት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ አምሳያው የእንጨቱን መልክ በያዘ ቀለም በስሱ ተቀብቶ እስኪደርቅ ይቆያል። ቀጥሎም በውሃ የቀጠነ ጠቆር ያለ ቀለም ይቀባል፤ ይህም ወደ ስንጥቁና ወደ ማዕዘኑ ገብቶ ጥላ ይሆናል። በመጨረሻም ፈካ ያለ ቀለም የነካ ብሩሽ በጨርቅ ይጠረግና፣ በላዩ የቀረው ጥቂት ቀለም በጠርዞቹ ላይ ብቻ ይዳበሳል፤ ይህም ብርሃን ያረፈበትን ገጽታ ይሰጣል።

በልጅነታቸው የተጫወቱባቸውን የቪዲዮ ጨዋታዎች ጀግኖች በትንሽ ምስል ሠርተው የሚቀቡ የውጭ አገር ሰዎችም የሚጠቀሙት በዚሁ ዘዴ ነው። ልዩነቱ የጨዋታው ጀግና የምናብ ፍጡር ሲሆን፣ ቤተ መንግሥቱ ግን በቦታው የቆመ ቅርስ መሆኑ ነው። ስለሆነም ቀቢው አስቀድሞ ጅሬን ወጥቶ የእንጨቱን መልክ በጠዋትና በቀትር አስተውሎ መመዝገብ ይገባዋል። አምሳያውን የሚመለከት ሰው ቤተ መንግሥቱን ላያየው ይችላልና፣ በግምት የተቀባ ቀለም ስለ ቅርሱ የተሳሳተ ምስክርነት ይሰጣል።