ስለ እሸት፤ በጥሬው የሚበላውና የማይበላው

መስከረም ጠብቶ ማሳው ማፍራት ሲጀምር፣ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በመሸንቲ ዙሪያ ያለ የገጠር ልጅ የባቄላ እሸት ፈልፍሎ በጥሬው ይበላል። «ተው፣ ሆድህን ይነፋሃል» የሚሉት ወላጆች አሉ። ያለ ልክ የበላውን በእርግጥ ይነፋዋል። ይሁን እንጂ ልጁ ሳያውቀው ለሰውነቱ የሚበጀውን አድርጓል።

ምክንያቱን ለመረዳት ስለ ቪታሚን ሲ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ንጥረ ነገር በሙቀት ይበላሻል፣ በውሃም ይሟሟል፤ ስለዚህ ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ አትክልት ውሃው ሲደፋ ቪታሚኑም አብሮ ይደፋል። ይህ የጐደለበት ሰው ድዱ ይደማል፣ ቍስሉም ቶሎ አይሽርም። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1747 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ጄምስ ሊንድ በዚህ ሕመም ለተያዙ መርከበኞች ብርቱካንና ሎሚ ቢሰጣቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻላቸው፤ ቪታሚን የሚባለው ስም ገና ያልተሰማበት ዘመን ነበር። እንዲሁም ከእንጀራ ጋር የሚበላ ጥሬ ቃሪያ በጤፍና በሽሮ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል፤ ብረት ለደም መሠራት አስፈላጊ ነውና ይህ ለነፍሰ ጡር ሴት ቀላል ነገር አይደለም።

በጣና ዳር የሚኖር ሰው ይህን ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻውም። በ100 ግራም ዘይቱን ውስጥ ከ200 ሚሊግራም የሚበልጥ ቪታሚን ሲ ይገኛል፤ ይኸውም በብርቱካን ውስጥ ካለው አራት እጥፍ ገደማ ነው። ማንጎና ፓፓያም ሰውነት ዳፍንትን የሚከላከለውን ቪታሚን ኤ የሚሠራበት ቢጫ ቀለም አላቸው። የሚያሳዝነው ግን፣ ዘይቱኑን በቅርጫት ለገበያ አውጥታ የሸጠች እናት በገንዘቡ ለልጅዋ ከረሜላ ገዝታ ስትመለስ ማየት ነው።

በጥሬው የሚበላ ነገር ንጹሕ መሆን አለበት። የወስፋት ዕንቍላል ከሰው ዐይነ ምድር ጋር ወጥቶ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ሎሚም ሆነ ሆምጣጤ አይገድለውም፣ በበረኪናም አይታመኑ። የሚያስወግደው በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ እያሹ ማጠብ ነው፤ ሰላጣም ቅጠል በቅጠል ይታጠባል። ከመስኖ ቦይ ወይም ከሐይቁ የተቀዳ ውሃ የጠራ ቢመስልም፣ ፈልቶ ካልቀዘቀዘ በቀር ለዚህ አይሆንም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው በጥሬው መብላትን የሚደግፍ ነው። ነገር ግን እሸት ሁሉ አንድ አይደለም። ሐይቁን በምሥራቅ ዞረን ወደ ፎገራ፣ ከዚያም በሰሜን ወደ ደምቢያ ስንሄድ፣ በጥቁሩ የመረሬ መሬት ላይ ከክረምቱ በቀረው ርጥበት ጓያ ይዘራል። ጓያ ድርቅን የሚችል ስለ ሆነ፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ ድኻውን ከረኃብ ያወጣዋል፤ መከራውም የሚመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በነዚህ አገሮች ብዙ ሰዎች እግራቸው ተሳስሮ፣ በበትር ካልተደገፉ መራመድ የማይችሉ ሆነዋል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በድንገት ይጀምራል፣ ይበልጥም የሚይዘው ወጣት ወንዶችን ነው፤ የሽባነቱን መመለሻ መድኃኒትም እስከ ዛሬ አልተገኘለትም።

ምክንያቱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኦዳፕ የሚባል መርዝ ነው። በሕዝቡ ዘንድ የጓያ እንፋሎት ወይም ገለባው የነካው ሰው ይሽመደመዳል የሚል እምነት አለ፤ ይህ እምነት ሰውን ከእንፋሎቱ አሸሸ እንጂ ከፍሬው አላሸሸም። ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች መርምረው እንደ ደረሱበት፣ ጓያን በጥሬ እሸቱ፣ በቆሎ፣ በንፍሮና በቂጣ መልክ የሚበሉ ሰዎች የበለጠ ይጐዳሉ፤ ቦክቶ እንጀራ ሲሆን፣ ከሌላ እህል ጋር ሲደባለቅ፣ ወይም ሽንኩርትና ዝንጅብል በገባበት ወጥ ሲበላ ጕዳቱ ይቀንሳል። አንድ ቀን የቀመሰ አይሽመደመድም፤ አደጋው ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። በረኃብ ዓመት ከብት ጠባቂ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ግን ከዚያው ማሳ ዳር ነው፤ ምሳውም እሸቱ ነው።

ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ኮሶ ትል የሚነገረው ብዙ ነውና ለሌላ ጊዜ እናቆየው፤ ቍርጥ ወዳዱም ቢሆን ነገሩን አይስተውም።

ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለሥራ ከመሸንቲ ወደ ፎገራና ወደ ደምቢያ የሚሻገሩ ልጆች ጓያን ከአተር ለይተው እንዲያውቁ ወላጆች ያሳዩአቸው። የአተር እሸት ቅርፊቱ ድቡልቡል ነው፤ የጓያው ጠፍጣፋ ሆኖ በጀርባው ሁለት ቀጫጭን ጠርዞች አሉት። ቅጠሉ እንደ ሣር የቀጠነና የረዘመ ነው፤ አበባው ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው፤ ፍሬውም ክብ ሳይሆን ማዕዘን ያለው፣ ሽብልቅ የሚመስል ነው።