እሳትና ጨርቅ፦ በብርድ አገር በምድጃ በሚሞቅ ድንኳን ውስጥ ስለ ማደር



የዛሬው ርእሴ በመጀመሪያ ሲሰማ የመዝናኛ ጉዳይ ይመስላል። በእጅ በተሰፋና ሙቀት በሚጠብቅ ድንኳን ውስጥ፣ በእንጨት ምድጃ እየሞቁ፣ በረዶ ላይ ማደር እንዴት ይቻላል? ይሁን እንጂ ይህች ትንሽ የጨርቅ ቤት ስለ ሙቀት፣ ስለ እርጥበትና ስለ አየር በመማሪያ ክፍል የምናስተምረውን ሁሉ በአንድ ሌሊት የምትፈትን ቤተ ሙከራ ናት። በመጨረሻም ከእኛው ቤት፣ ከከሰል ማንደጃችን ጋር የሚያገናኛት ጉዳይ አለ፤ ገለጻዬም ወደዚያ ያመራል።

ስለ አገሩና ስለ ወቅቱ

በእኛ አነጋገር ክረምት ማለት የዝናብ ወራት ነው። እኔ ዛሬ የምናገርለት ግን ሐይቅ ወደ ግግር በረዶነት ተለውጦ ሰውን ከነጓዙ የሚሸከምበት፣ ፀሐይ በዘጠኝና በአሥር ሰዓት መካከል ማዘቅዘቅ ጀምራ ሌሊቱ ከዐሥራ አምስት ሰዓት በላይ የሚረዝምበት የሰሜን አሜሪካ የብርድ ወቅት ነው። በሚኒሶታ ግዛት ለትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ ባለው ባውንደሪ ዋተርስ በተባለው ጥብቅ ስፍራ ከጓደኞቼ ጋር በዚህ ዓይነት ድንኳን ውስጥ አድሬአለሁ። ስፍራው ከአንድ ሺህ በላይ ሐይቆች ያሉበት፣ በሱፐሪየር ብሔራዊ ደን ውስጥ የሚገኝ ሰፊ ዱር ነው። የብርዱን ልክ ለመገመት ያህል፣ ከዚያ ብዙም በማትርቀው ታወር በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 1996 የተመዘገበው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። በተለመደው የጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መድረስ ማንንም አያስደንቅም።

ድንኳንን በምድጃ ማሞቅ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ሄንሪ ሆፕኪንስ ሲብሊ የተባለው የአሜሪካ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1856 በስሙ የሚጠራውን ሾጣጣ ድንኳን በባለቤትነት አስመዝግቧል፤ በስሙ የሚጠራው የቆርቆሮ ምድጃም ለረጅም ዘመን በጦሩ ዘንድ አገልግሏል። በምሥራቅ ካናዳ የሚኖሩት የኢኑ ሕዝብ አዳኞች ደግሞ የሸራ ድንኳናቸውን ወለል በጥድ መሰል ዛፎች ቅርንጫፍ እያነጠፉ፣ በውስጡ ቀላል የቆርቆሮ ምድጃ እያስቀመጡ የብርዱን ወራት ያሳልፉ ነበር። የዛሬው ሰፊ ከእነርሱ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በድንኳኑ ውስጠኛ ክፍል የሚጨምረው ሙቀት ጠባቂ ገበር ነው።

ገበሩ ምን ይሠራል?

ሙቀት ከድንኳን የሚወጣው በአራት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በንክኪ፦ ከሞቀው የጨርቅ ገጽ ወደ ቀዘቀዘው ያልፋል። ሁለተኛ፣ በአየር ዝውውር፦ የሞቀ አየር ጣሪያውን ነክቶ ቀዝቅዞ ይወርዳል። ሦስተኛ፣ በጨረር፦ የሞቀ አካል ሁሉ ወደ ቀዘቀዘው ግድግዳ ሙቀቱን ይረጫል። አራተኛ፣ ከአየሩ ጋር አብሮ በቀዳዳ ይወጣል።

አንድ ነጠላ ሸራ ነፋስን ይከለክል ይሆናል እንጂ ሙቀትን ከቶ አይዝም። ሙቀትን የሚይዘው ጨርቁ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥ ታስሮ የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ይህን እናቶቻችን ከማናችንም በፊት ያውቁታል። ጋቢ በአራት ድርብ የሚሠራው ጥጡ ስለሚከብድ አይደለም፤ በድርቡና በድርቡ መካከል አየር ስለሚያድር ነው። በመንዝ ደጋ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ባናም ምስጢሩ ይኸው ነው። የድንኳኑ ገበርም ለድንኳኑ እንደ ጋቢ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ጥቂት ስሌት ፍቀዱልኝ። ግድግዳውና ጣሪያው በድምሩ 20 ሜትር ካሬ የሆነ ድንኳን እናስብ። ውጭው ከዜሮ በታች 20፣ ውስጡ ደግሞ 15 ዲግሪ እንዲሆን እንፈልጋለን፤ ልዩነቱ 35 ዲግሪ ነው። ነጠላ ሸራ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ 6 ዋት ያህል ያሳልፋል። ስለዚህ በጨርቁ በኩል ብቻ 4,200 ዋት ይወጣል። በዚሁ ድንኳን ውስጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው የፖሊስተር ወይም የበግ ፀጉር ገበር ብንጨምር የሚያሳልፈው ወደ 1.25 ዋት ይወርዳል፤ አጠቃላይ ኪሳራውም 875 ዋት ገደማ ይሆናል። አንድ ገበር ኪሳራውን ወደ አንድ አምስተኛ ዝቅ አደረገው ማለት ነው።

በዚህ ላይ የአየር መለዋወጫውን እንጨምር። በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር ቢገባ፣ ያን አየር ለማሞቅ ወደ 700 ዋት ያስፈልጋል። ድምሩ ገበር ለሌለው ድንኳን 4,900፣ ገበር ላለው 1,600 ዋት ያህል ይሆናል። ደረቅ እንጨት በኪሎ ግራም ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል አለው፤ ትንሽ ምድጃ ግማሹን ለድንኳኑ ቢሰጥ 2 ኪሎዋት ሰዓት እናገኛለን። እንግዲህ ለዐሥር ሰዓት ሌሊት ገበር የሌለው ድንኳን 24 ኪሎ ተኩል እንጨት ሲበላ፣ ገበር ያለው በ8 ኪሎ ያድራል። በጉልበት በሚጠልቅ በረዶ ውስጥ እንጨት ለቅሞ፣ በመጋዝ ቆርጦ፣ ጎትቶ ለሚያመጣ ሰው የዚህን ልዩነት ትርጉም ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለ አሠራሩ

ገበሩ ከውጭው ሸራ ጋር ተጣብቆ መሰፋት የለበትም። በማሰሪያ ተንጠልጥሎ፣ በመካከላቸው የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ቢተው ይሻላል፤ ተጨፍልቆ የተወጠረ ገበር አየሩን ያጣልና ዋጋውም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። የጭስ ማውጫው ቱቦ ጨርቁን የሚያልፍበት ቦታ ደግሞ ሙቀት ከሚችል ጨርቅ፣ ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ከተቀባ የፋይበር ግላስ ጨርቅ፣ ይሠራል። በምድጃው ዙሪያ ያለው ገበር በሰፊው ተቆርጦ መነሣት አለበት። ፖሊስተር በእሳት አጠገብ ይቀልጣል፣ ከቀለጠም በኋላ ይነዳል፤ ጥጥ ደግሞ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል።

ወለሉም አይዘነጋ። አየሩ ሞቆ ሳለ ከሥር የሚመጣው ብርድ የተኛን ሰው ጀርባ ያደነዝዛል፤ ምክንያቱም በሰውነት ክብደት የተጫነ የመኝታ ከረጢት የያዘው አየር ይጨመቃል። ስለዚህ የማይጨመቅ የስፖንጅ ምንጣፍ ከሥር ያስፈልጋል። ምድጃውም በበረዶው ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ከሥሩ እያቀለጠ ይሰምጣል፣ ይዘምማልም፤ በእርጥብ ግንዶች ላይ ይቀመጣል።

ስለ እርጥበት

ሁለተኛው ጠላት ውኃ ነው። የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በአንድ ሌሊት ሩብ ሊትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ውኃ ያወጣል። በምድጃው ላይ የሚፈላው ድስትና የሚደርቀው ካልሲ ይጨመርበት። የሞቀ አየር ይህን እርጥበት ተሸክሞ ይዞራል፤ ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ግን ሸክሙን ይጥላል። እሳቱ ሲበርድ በጣሪያው ላይ ውርጭ ይጋገራል፤ ጠዋት እሳት ሲቀጣጠል ያው ውርጭ ቀልጦ በተኙት ላይ ይንጠባጠባል። ገበሩ ለዚህም ይረዳል፤ ውስጠኛው ገጽ ስለሚሞቅ ጤዛ አይቋጥርም። ነገር ግን እርጥበቱ ራሱ መውጫ ካላገኘ ገበሩ ውስጥ ገብቶ ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ ገበርም ሙቀት አይጠብቅም። መድኃኒቱ ከላይ በኩል ዘወትር ክፍት የሆነ መውጫ፣ ከታች በኩል ደግሞ መግቢያ መተው ነው። አየር ማስገባት እርጥበትን የማስወጫ መንገድ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ወደ ዋናው ነገር የምመጣውም በዚህ በኩል ነው።

እሳቱ ሲሞት የሚወለደው አደጋ

ምድጃ ጭሱን የሚያወጣው በኃይል ገፍቶ አይደለም። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ከውጭው ስለሚቀልል ወደ ላይ ይወጣል፤ በእርሱም ቦታ ከድንኳኑ ውስጥ አዲስ አየር ወደ እሳቱ ይሳባል። ቱቦው በረዘመና በሞቀ ቁጥር ስቡ ይበረታል። እሳቱ ሲነድ ይህ ሥርዓት ራሱን በራሱ ይጠብቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ነበልባሉ ጠፍቶ ፍም ሲቀር ነው። ፍም ማለት ከሰል ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ በብዛት ያመነጫል። በዚሁ ሰዓት ቱቦው ይቀዘቅዛል፣ ስቡም ይዳከማል። ሰዎቹም ደክሟቸው ተኝተዋል። በዚህ ላይ እሳቱ ቀስ ብሎ እንዲያድር ብሎ አንዱ የቱቦውን ክዳን ቢዘጋ፣ ወይም በረዶ ወርዶ መውጫውን ቢደፍነው፣ ጋዙ ወደ ድንኳኑ ይመለሳል። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ያመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ምልክት አይሰማውም።

እዚህ ላይ ወደ ስሌታችን ልመልሳችሁ። ገበር ባለው ድንኳን ከጠቅላላው ኪሳራ ግማሽ የሚጠጋው በአየር መለዋወጫው የሚወጣው 700 ዋት ነው። ድንኳኑን በሚገባ የሰፋ ሰው እንግዲህ ቀጥሎ የሚያየው ያንን ቀዳዳ ነው፤ “ይህንንም ብደፍነው” የሚል አሳብ ይመጣበታል። ብርድን ለመከላከል የተሳካለት ሰው ለአደጋው የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ቀዳዳውን ደፍኖ የሚያተርፈው በዐሥር ሰዓት ሦስት ኪሎ ተኩል እንጨት ብቻ ነው። የአንድ ሌሊት የሕይወት ዋስትና ዋጋው ሦስት ኪሎ ተኩል እንጨት መሆኑን የተረዳ ሰው ቀዳዳውን አይደፍንም።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚከተሉት ሥርዓት አጭር ነው። አየር መግቢያውና መውጫው ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይሆናል። እሳቱ በተራ በሚነቃ ሰው ይጠበቃል፤ የሚጠብቀው ከሌለ ደግሞ የቱቦው ክዳን ተከፍቶ እሳቱ እስከ መጨረሻው ነዶ እንዲያልቅ ይደረጋል፣ ሰዎቹም በወፍራም የመኝታ ከረጢታቸው ይተማመናሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይሰቀላል፤ ሆኖም ብዙዎቹ መሣሪያዎች ለቤት ውስጥ ሙቀት የተሠሩ ስለሆኑ በብርድ ብቻቸውን አይታመኑም። እንጨቱ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ኃይሉን ውኃውን በማትነን ይጨርስና በጭስ ብቻ ይቀራል።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል?

ከእናንተ መካከል ለመስክ ጥናት ወደ ባሌ ተራሮች ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች የምትወጡ አላችሁ። የሳነቴ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ በበጋ ወራት፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከሚኒሶታው ድንኳን ወደዚያ ሊወሰድ የሚገባው ምድጃው አይደለም። በጥብቅ ስፍራ ያለ የአስታ ዛፍ ማገዶ ሊሆን አይገባውም። የሚወሰደው ገበሩና ምንጣፉ ነው፤ ልዩነቱ ከዚያ የቀለለ ስለሆነ ሁለት ድርብ ጨርቅ፣ ከሥር ደረቅ ስፖንጅ፣ ከላይ ጋቢ ብዙ ያደርሳሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ድንኳን መግባት የሌለበት የከሰል ማንደጃ ነው። የሚኒሶታው ምድጃ ቢያንስ የጭስ ማውጫ አለው፤ ማንደጃችን ምንም የለውም። የሰሜኑ ሰው በእኩለ ሌሊት የሚፈራውን ፍም እኛ ገና ከመጀመሪያው አቀጣጥለን፣ “ጭሱ አልቋል፣ አሁን ፍም ሆኗል” ብለን ወደ መኝታ ክፍል እናስገባለን። ጭሱ ማለቁን የደኅንነት ምልክት አድርገን መውሰዳችን ነው አደጋው። ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ሰውን አስነሥቶ በር ያስከፍተዋል፤ የማይታየው ጋዝ ግን ያስተኛዋል። በዝናቡ ወራት በከተሞቻችን በር ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ቤተሰቦች ሳይነሡ መቅረታቸውን የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ፊዚክስና ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ይህን በሰፈሩ፣ በዕድሩና በተከራየበት ግቢ የማስረዳት ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስለሆነም ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ስለ በረዶ አገር የነገርኋችሁን ሁሉ ብትረሱ እንኳ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እጠይቃለሁ። ሙቀት የሚጠበቀው በድርብ ጨርቅ ነው፤ ሕይወት የሚጠበቀው በክፍት ቀዳዳ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።