የጣና ዓሣ ጥበቃ በወንዝ አፎች ላይ ማተኮር አለበት

የባሕር ጠረፍ በሌላት ኢትዮጵያ ዓሣ የሚመረተው ከሐይቆች፣ ከወንዞችና ከግድቦች ነው። ዘርፉን በጥናት ከሚያግዙት ተቋማት አንዱ በሰበታ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ነው።

በአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ በሆነው ጣና አስጋሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚገለገሉት ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነው። ታንኳው ወጪው አነስተኛ ቢሆንም ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው። ማዕበልንም ስለማይቋቋም አስጋሪው ከዳርቻው ብዙም አይርቅም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሥራ ላይ ከዋሉ በኋላ ግን የማስገሩ ስፋት ጨመረ። በተለምዶ ነጭ ዓሣ፣ በሳይንሳዊ መጠሪያቸው ላቤዮባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሦች በርካታዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዝ አፍ የሚዘረጋ መረብ ታዲያ እናት ዓሦችን ሳይራቡ ይይዛቸዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሰበሰበ መረጃ የእነዚህ ዓሦች ክምችት በክብደት 75 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

ዓሣው ከዳርቻ ሲጠፋ አስቀድሞ የሚጎዳው ርቆ መሄድ የማይችለው ባለ ታንኳ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለጥበቃው የሕግ መሠረት ጥሏል። ውጤቱ የሚለካው ግን የሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዝ አፎች በሚያደርጉት ቁጥጥር ነው።