የሙሉ ፊት ጭንብልና ስያሜዎቹ፦ ስለ ውኃ ውስጥ መተንፈሻ ቃላት

በብዙ የትርጉም ሥራ የስያሜ ስሕተት አንባቢን ከማደናገር አያልፍም። በውኃ ውስጥ መተንፈሻ መሣሪያ መመሪያ ላይ ግን ስሕተቱ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የሙሉ ፊት ጭንብልን ምሳሌ አድርገን፣ አንዳንድ የአማርኛ ቃላት ለዚህ ሙያ ሲውሉ የሚያስከትሉትን አሻሚነት እንመረምራለን፤ በየቦታውም አማራጭ ስያሜ እናቀርባለን።

ሀ. ስለ መሣሪያው

«ስኩባ» የአምስት እንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ተገጣጥመው ያስገኙት ቃል ሲሆን፣ ራሱን የቻለ የውኃ ውስጥ መተንፈሻ መሣሪያ ማለት ነው። ቴክኒካዊ የተባለው መጥለቅ ከመዝናኛው የሚለየው፣ ጠላቂው ከጥልቀቱና ከቆይታው የተነሣ ወይም ከበላዩ የዋሻ ጣሪያ በመኖሩ በቀጥታ ወደ ውኃው ገጽ ሊወጣ ስለማይችል ነው። ብዙ ጊዜም ከአንድ በላይ የመተንፈሻ ጋዝ ይዞ ይወርዳል።

ተራው የጠላቂ ጭንብል የሚሸፍነው ዓይንንና አፍንጫን ነው፤ ጠላቂው የሚተነፍሰው በጥርሱ ነክሶ በያዘው መሣሪያ ነው። የሙሉ ፊት ጭንብል ግን ዓይንን፣ አፍንጫንና አፍን ባንድነት ይሸፍናል። ፊትን ከቅዝቃዜና ከተበከለ ውኃ ይከላከላል፤ መነጋገሪያ ሲገጠምለት ለመነጋገር ያስችላል፤ ከሁሉም በላይ ጠላቂው ራሱን ቢስት እንኳ መተንፈሻው ከአፉ አይወድቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ በጎርፍ የተዘጋባቸው 12 ልጆችና አሠልጣኛቸው በጠላቂዎች የወጡት በማደንዘዣ ተኝተው፣ ይህ ዓይነት ጭንብል ተደርጎላቸው ነበር። በጭንብሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ውኃ ግፊት ጥቂት ከፍ እንዲል ስለተደረገ፣ ቀዳዳ ቢፈጠር ጋዝ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ውኃ በቀላሉ አይገባም።

አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ አሠራር ነው። ጋዝ ያለቀበት ጠላቂ ከባልንጀራው መተንፈሻ ለመቀበል ጭንብሉን በሙሉ ማውለቅ ይኖርበታል። ያን ጊዜ በግልጽ አያይም፤ ቀዝቃዛ ውኃም ድንገት ፊቱን ይመታዋል። ስለሆነም ተራ ጭንብልና መለዋወጫ መተንፈሻ ይዞ መውረድ፣ አወላለቁንም አስቀድሞ ጥልቀት በሌለው ውኃ ደጋግሞ መለማመድ ግዴታው ነው። ጋዝ ሲለውጥም የሚያዞረው ቫልቭ ከየትኛው ሲሊንደር ጋር እንደተያያዘ በምልክት ማረጋገጥ አለበት።

ለ. ስለ ቃላቱ

1. ሙሉ። «ሙሉ የፊት ጭንብል» ሲባል ቅጽሉ የሚያርፈው በጭንብሉ ላይ ነው፤ «ሙሉ ጭንብል» ተብሎ ሲያጥር ደግሞ ውኃ የሞላው ጭንብል ሊመስል ይችላል። መሣሪያው ውኃ መሙላቱ ራሱን የቻለ አደጋ በመሆኑ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «የሙሉ ፊት ጭንብል» ስንል ግን ሙሉነቱ ለፊት መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

2. አጠለቀ። ባርኔጣም ጓንትም ጭንብልም ይጠለቃል፤ በውኃ ውስጥ የተነከረም ነገር እንዲሁ ተጠለቀ ይባላል። «ጭንብሉን ያጥልቅ» የሚል ትእዛዝ ስለዚህ ሁለት ተግባር ያመለክታል። በተጨማሪም «ጠለቀ» የዚህ ሙያ ዋነኛ ግሥ ስለሆነ መደናገሩ ይብሳል። ለመልበስ «አደረገ»፣ ለማርጠብ «ነከረ»፣ ለመውረድ «ጠለቀ» ተለይተው ቢሠራባቸው ይመረጣል።

3. ሁለተኛ ደረጃ። የሲሊንደሩ ግፊት የሚቀነሰው በሁለት እርከን ነው። የመጀመሪያው በሲሊንደሩ አፍ ላይ ተገጥሞ ከፍተኛውን ግፊት ወደ መካከለኛ ያወርዳል፤ ሌላው ጠላቂው ትንፋሽ ሲስብ ጋዙን በአካባቢው ውኃ ግፊት መጥኖ ይሰጣል። ይህን የኋለኛውን «ሁለተኛ ደረጃ» ብሎ መተርጐም በአማርኛ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ወይም ተጠባባቂ የሆነ ዕቃ ያስመስለዋል። ተግባራቸውን ተከትለን «የሲሊንደር መመጠኛ» እና «የትንፋሽ መመጠኛ» እንላለን።

4. ውስጠ ጭንብል። በብዙዎቹ የሙሉ ፊት ጭንብሎች ውስጥ አፍንና አፍንጫን ብቻ የሚከብ ትንሽ ሽፋን አለ። የተተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሰፊው ጭንብል ውስጥ ተጠራቅሞ መልሶ እንዳይሳብ ይረዳል። «የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ» የሚለው ሐረግ በ2012 ዓ.ም. ከኮሮና ወረርሽኝ ጋር ለሌላ ዕቃ ስለተለመደ፣ ለዚህኛው «ውስጠ ጭንብል» ቢባል ይሻላል።

5. አየር፣ ኦክስጅን፣ ድብልቅ። ከሁሉ የከፋው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። በተለምዶ ጠላቂው በጀርባው የሚያዝለው ሁሉ «ኦክስጅን» ይባላል። ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ 1 ባር ገደማ ስለሚጨምር፣ ንጹሕ ኦክስጅን 6 ሜትር ላይ ሲተነፈስ ግፊቱ 1.6 ባር ይደርሳል፤ በሙያው የተለመደውም የመጨረሻ ወሰን ይኸው ነው። ከዚያ በታች ጠላቂውን ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። ስለዚህ «ኦክስጅን» ለንጹሑ ብቻ፣ «አየር» ለተፈጥሮው አየር ብቻ፣ በሰው እጅ ተመጣጥኖ ለተቀላቀለው «ድብልቅ»፣ የሁሉም የወል ስም ሆኖ ደግሞ «የመተንፈሻ ጋዝ» ይሁን።

ሐ. ማጠቃለያ

«ጠላቂው ሙሉ ጭንብሉን ካጠለቀ በኋላ ከኦክስጅኑ ይተንፍስ» የሚል ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤ ሆኖም እንደ ተጻፈው የፈጸመው ሰው ሊሞት ይችላል። «ጠላቂው የሙሉ ፊት ጭንብሉን ካደረገ በኋላ፣ ለጥልቀቱ ከተመደበው ድብልቅ ይተንፍስ» ቢባል ግን ጥቂት ቃላት ቢጨምርም አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል። እንዲህ ባለው ጽሑፍ እጥር ምጥን ማለት የሚመሰገነው ከግልጽነት በኋላ ነው። ተርጓሚውም ረቂቁን ከማሳተሙ በፊት መሣሪያውን በእጁ ለያዘ ባለሙያ አንብቦ፣ ባለሙያው በሰማው ቃል መሠረት ምን እንደሚያደርግ ቢመለከት፣ የስያሜዎቹን ብቃት ከማናቸውም ክርክር ይልቅ ያን ጊዜ ይረዳዋል።